በባዶ ቤት የሚንጠባጠበው ቧንቧ

ዴንቨር፣ ሴፕቴምበር 21 ቀን 1987

ለተከበሩ አክስቴ ለኦፓል ሄንዝለር፣

ይህች ወረቀት ስትደርስ ጉልበትዎ ተሽሎት፣ ላሞቹም ጠግበው እንድታገኝዎ እመኛለሁ። እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ።

እናቴን ከቀበርን ወዲህ አንድ መስመር ሳልጽፍልዎ አሥራ ዘጠኝ ወር መሙላቱን አውቃለሁ። ሰበብ አልደረድርም፤ ጥፋቱ የኔ ነው። አሁንም ብዕር ያስነሳኝ ከጎረቤታችን ከግሌን ፓሪሽ የደረሰኝ ደብዳቤ ነው። ሰፈሩ በራሱ የሚያስተዳድረው የውሃ ወረዳ ቁጥር 3 ይፍረስ፣ ቧንቧውን የማርሎው ከተማ ይረከበው ተብሎ ፊርማ እየተሰበሰበ ነው ይላል። እውነት ነው? ስንት ሰው ፈርሟል? እንዲፈርስስ ስንት ሰው መስማማት አለበት? እርስዎ የወረዳው ጸሐፊ ስለሆኑ ከእርስዎ የበለጠ የሚያውቅ የለም።

ሌላው፣ የእናቴ ቤት ውሃ እስካሁን አልተዘጋም? ካልተዘጋ እባክዎ እንዳያዘጉት። ለምን እንደሆነ ሌላ ጊዜ አጫውትዎታለሁ።

አክባሪዎ የእህትዎ ልጅ
ሮስኮ

•

ታከር ሪጅ፣ ቤከት ካውንቲ፣ ኦክቶበር 5 ቀን 1987

ለእህቴ ልጅ ለሮስኮ፣

ጌታ ከክፉ ይጠብቅህ፣ በምትገባበት በምትወጣበት ከአንተ ጋር ይሁን። እኔ ደህና ነኝ፤ ጉልበቴ ብቻ ዝናብ ሊመጣ ሲል ከሬዲዮው ቀድሞ ይነግረኛል።

ደብዳቤህን ሳይ ሞቶ የተነሣ ሰው የጻፈልኝ መሰለኝ። ‹‹አክስቴ እንዴት ከረሙ›› የሚለው በሁለት መስመር አልቆ ወሬው ሁሉ ስለ ፊርማ ሲሆን ግን፣ ‹‹አይ፣ ሕያው ነው፣ ሥራ ላይ ነው›› አልኩ።

የጠየቅከኝ የተሰወረ ነገር አይደለም። ወረዳውን በ1961 ያቆመው የሕዝብ ድምፅ ነው፤ የሚያፈርሰውም የሕዝብ ድምፅ ብቻ ነው። መጀመሪያ ከመራጩ ከአምስት አንዱ ይፈርማል። ቀጥሎ ዳኛ ያየዋል። ከዚያ ምርጫ ይደረጋል፤ ድምፅ ከሰጠው ሰው ከአምስት ሦስቱ እጅ ‹‹ይፍረስ›› ካላለ አይፈርስም። ድምፅ ከሰጠው ነው ያልኩህ። ቤቱ የተቀመጠ አይቆጠርም። ግሌን የሚበቃውን ፊርማ አግኝቷል፤ ወረቀቱም ዳኛው ጋ ገብቷል።

ባለፈው ሳምንት ቤተ ክርስቲያኑ ምድር ቤት ስብሰባ ነበር። ግሌን ከረባቱን አስሮ ቆመና፣ ‹‹ጎረቤቶቼ፣ የማርሎው ውሃ ሃያ አራት ሰዓት ይፈስሳል፣ አሸዋ የለውም፣ የቨርጂልን አሮጌ ፓምፕ መለመን ይቀራል›› አለ። ሊቀመንበራችን ቨርጂል ስታምፐር ሰባ ስምንት ዓመቱ ነው፤ ከወንበሩ ሳይነሣ፣ ‹‹ግሌን፣ ከታከር ሪጅ ወዲያ ያሉትን ሰባቱን ቤቶችስ ማርሎው ያጠጣቸዋል?›› አለው። ‹‹ለሰባት ቤት ያን ሁሉ ቧንቧ ማን ይጠግናል? ያው እንደ ድሮው የዝናብ ውሃ ያጠራቅማሉ›› አለ ግሌን። ቨርጂልም፣ ‹‹በል ካቲካላህን በዝናብ ውሃ በርዘህ ጀምርልንና እናያለን›› ሲለው ፓይ የሚበላው ሁሉ ትን አለው።

እኔ ግን አልሳቅኩም። ከሰባቱ አንዱ የኔ ቤት ነው፤ አንዱም የእናትህ። ቧንቧው ሲመጣ አንተ ገና ጎረምሳ ነበርክ። እናትህና እኔ ግን በረዶ ሰብረን ለከብት ያጠጣን ነን። በሰባ ሁለት ዓመቴ ወደዚያ አልመለስም።

የቤቱ ውሃ አልተዘጋም፤ እሱን ለኔ ተወው። እኔን የሚከነክነኝ ግሌን አድራሻህን ከየት አገኘው?

አክስትህ ኦፓል

•

ዴንቨር፣ በዴል ሃገርቲ በኩል፣ ኖቬምበር 2 ቀን 1987

ለተከበሩ አክስቴ፣

የሰማይ አባት ክረምቱን ያቅልልዎት፣ ማገዶውንም ያብዛልዎት።

ስለ ሁሉም ነገር አመሰግናለሁ። ግሌን አድራሻዬን ያገኘው በቀብሩ ቀን ከእኔው ነው፤ ጣራውን እንዲያይልኝ የአጥሩን ሰንሰለት ቁልፍም ያኔ ሰጥቼዋለሁ። የከተማ ውሃ እስከ መንገዱ ከመጣ በመንገድ ዳር ያለውን የግጦሽ መሬት እገዛለሁ ብሎ ነው የጻፈልኝ። መልስ አልሰጠሁትም።

አንድ ነገር ላስቸግርዎ። ስሜ አሁንም ከመራጮች መዝገብ ላይ አለ? መንጃ ፈቃዴን አልቀየርኩም፤ ለፕሬዚዳንትም ድምፅ የምሰጠው በፖስታ እዚያው ነው። የፈረሙትን ሰዎች ስም ዝርዝር ቢልኩልኝ ደግሞ ደስ ይለኛል።

ከላይ ያለውን አዲሱን አድራሻ ይጠቀሙ። ዴል የሥራ ባልደረባዬ ነው።

አክባሪዎ ሮስኮ

•

ታከር ሪጅ፣ ኖቬምበር 30 ቀን 1987

ለሮስኮ፣

ሰላምና ጤና ላንተ ይሁን። መልሱን ያዘገየሁት የአጋዘን አደኑ እስኪያልፍ ነው። በዚያ ሰሞን እዚህ ሰው ከቤቱ ወጥቶ ፖስታ ሳጥን ድረስ የሚሄደው ብርቱካንማ ኮፍያ አድርጎ ነው።

ስምህ መዝገብ ላይ አለ። ዝርዝሩን ግን አልልክልህም። የፈረመውን ሰው ስም ምን ልታደርግለት ነው? የገና ካርድ ልትልክለት?

ያየሁትን ልንገርህ። ባለፈው ማክሰኞ ግሌን ሌላ ሰው አስከትሎ ግጦሹ መሀል ሦስት እግር ያለው መሣሪያ ተክሎ ይለካ ነበር። ሰንሰለቱን በቁልፍ ከፍቶ ነው የገባው። ወርጄ፣ ‹‹ግሌን፣ የሞተች ሴት ሣር ምን ያህል እንዳደገ ነው የምትለካው?›› አልኩት። ኮፍያውን አነሣልኝና፣ ‹‹ወይዘሮ ኦፓል፣ እኔና ሮስኮ እንግባባለን›› አለኝ። በምን እንደምትግባቡ አልነገረኝም፤ አንተም አልነገርከኝም።

ምን ድምፅ ትሰጣለህ ብዬ አልጠይቅህም። አባቴና እናቴ ሃምሳ አንድ ዓመት በአንድ መኪና ወደ ምርጫ ሄደው በአንድ መኪና ሲመለሱ፣ ማን ማንን እንደመረጠ ሳይነጋገሩ ተቀበሩ። እናትህም ያው ነበረች፤ አንድ ጊዜ ለማን እንደሰጠች ብጠይቃት የውስጥ ልብስሽን አሳዪኝ ያልኳት ያህል ነው የተቆጣችኝ። በዚህ ሸንተረር ድምፅ አይጠየቅም፣ አይነገርም። ቨርጂል፣ ‹‹እኔ ከሰላምታቸው እቆጥራለሁ፤ እጄን ጠበቅ አድርጎ የጨበጠ ከእኛ ነው›› ይላል። እንደሱ ከሆነ ግሌን ቁጥር አንድ ደጋፊያችን ነው።

ዳኛው ምርጫውን ለኤፕሪል 5 ቆርጦታል። ደግሞ ቤትህን ትተህ በሰው በኩል የምትጽፈው ለምንድን ነው? ጠርጥር፣ ከገንፎም አለ ስንጥር ይባላል።

አክስትህ ኦፓል

•

ዴንቨር፣ በዴል ሃገርቲ በኩል፣ ጃንዋሪ 18 ቀን 1988

ለተከበሩ አክስቴ፣

እንኳን ለአዲሱ ዓመት አደረሰዎ። ዓመቱ ለእርስዎ የእረፍት፣ ለሁላችንም የምሕረት ይሁን።

በመሬቱ ላይ ማንም እንዲለካ አልፈቀድኩም። ለግሌን የጻፍኩለት አንድ መስመር ብቻ ነው፤ ‹‹በጸደይ ፊት ለፊት እንነጋገራለን›› ብዬዋለሁ። በፖስታ የሚላከውን የድምፅ ወረቀት ለማግኘት አመልክቻለሁ።

የቤቱ ቁልፍ ከእርስዎ ሌላ ማንም ዘንድ የለም? በማርች መጨረሻ ስለሚያስፈልገኝ ቢልኩልኝ። የእንጨት ምድጃውስ ይሠራል? ጭስ ማውጫው ይጠረጋል ወይስ ወፍ ጎጆ ሠርቶበታል? ብዙ ጠየቅኩ፤ ሲሆን እነግርዎታለሁ።

አክባሪዎ ሮስኮ

•

ታከር ሪጅ፣ ፌብሩዋሪ 22 ቀን 1988
(ያልተላከ)

ሮስኮ፣

ያለ ሰላምታ የምጀምረው ይህን ወረቀት ፖስታ ውስጥ እንደማልከተው ስለማውቅ ነው። ሆዴ ግን ካልተነፈሰ ሊፈነዳ ነው።

ቁልፉን የፈለግከው ለግሌን ልታስረክብ ነው። ምድጃውን የጠየቅከው ለገዢ ልታሳይ ነው። ለሳምንታት ደብዳቤህን ደጋግሜ አነበብኩት፤ ከዚህ ሌላ ነገር አልታየኝም። ሳይቃጠል በቅጠል አልኩና ዛሬ ጠዋት ማርሎው ሄድኩ። የካውንቲው ምርጫ ጸሐፊ ሚስ ቲልደን ፊት ቆሜ፣ ‹‹የእህቴ ልጅ እዚህ አይኖርም፤ ድምፁ መቆጠር የለበትም›› አልኳት።

ሚስ ቲልደን መነጽሯን ዝቅ አድርጋ፣ ‹‹የውሃ ካርዶቹ እንዲህ አይሉም›› አለችኝ። መሳቢያ ከፍታ እኔው በየወሩ ለካውንቲው የማስተላልፋቸውን ሃያ አራት ካርዶች ጠረጴዛው ላይ ዘረገፈቻቸው። የሁሉም ሰው ቆጣሪ እንደሚነበብ የአንተም ይነበባል፤ በእኛ ወረዳ ቆጣሪ አንባቢ የለም፣ እያንዳንዱ የራሱን አንብቦ፣ ቁጥሩን ካርድ ላይ ጽፎ፣ ፈርሞ ይልካል። በየወሩ ሺ ምናምን ጋሎን፣ ልክ ወንደላጤ እንደሚኖርበት ቤት። ከሥሩም ‹‹ሮስኮ›› የሚል ፊርማ።

የጻፍኩት እኔ ነኝ። እናትህ ከሞተች ጀምሮ በክረምት የወጥ ቤቱን ቧንቧ እያንጠባጠብኩ እተወዋለሁ፤ አለበለዚያ በረዶው ቧንቧውን ያፈነዳዋል። በበጋ የእህቴን ፒዮኒ አበቦች አጠጣለሁ። ዓመት ሙሉ ባዶ የቆመ ቆጣሪ ይነቀል የሚለውን ደንብ የጻፍኩት እኔው ራሴ ነኝ፤ ያንተ እንዳይነቀል ደግሞ በስምህ ፈረምኩ። ሃያ ስድስት ዓመት ጸሐፊ ስሆን ሌላ የውሸት ፊደል አልጻፍኩም።

ይህን ሁሉ ለሚስ ቲልደን ነገርኳት። ‹‹ይህን በጽሑፍ ትሰጪኛለሽ?›› አለችኝ። ሰጠኋት። ስመለስ ቨርጂልን አግኝቼ ብነግረው፣ ‹‹ኦፓል፣ ልጁ ምን እንዳሰበ ግን ታውቂያለሽ?›› አለኝ። ‹‹ከዚህ በላይ ምን ልወቅ?›› ብዬው ወደ ቤቴ ገባሁ።

ቤት ገብቼም ቧንቧህን ለማየት ወረድኩ። ይንጠባጠባል።

•

ታከር ሪጅ፣ ማርች 14 ቀን 1988

ለሮስኮ፣

ጤና ይስጥልኝ። እዚህ ሁሉም ደህና ነው። ቁልፉ ጠፍቶብኛል፤ ሳገኘው እልክልሃለሁ።

አብሮ ያለው ፖስታ ከእናትህ ፖስታ ሳጥን ውስጥ የተገኘ ነው። ከካውንቲው ይመስለኛል።

ኦፓል

•

ዴንቨር፣ ማርች 24 ቀን 1988

አክስቴ፣

ጤና ይስጥልኝ።

የላኩልኝ ፖስታ ከካውንቲው ይመስለኛል ብለዋል። ከካውንቲው ነው። እዚያ እኖራለሁ ስላልኩ የጻፉልኝ እዚያው ነው። ነዋሪ አይደለህም ተብሏል፣ በአሥር ቀን ውስጥ መልስ ስጥ ይላል። የተጻፈው ማርች 1 ነው፤ እርስዎ የላኩት ማርች 14። ወደ ሚስ ቲልደን ስደውል፣ ‹‹ጊዜው አልፏል፣ ፖስታህ ሳይከፈት ለብቻው ተቀምጧል›› አለችኝ። ለምን ብላት፣ ቤቱ ሰው እንዳለበት የሚያሳዩት የውሃ ካርዶች በሌላ ሰው እጅ የተፈረሙ መሆናቸውን ምስክር በጽሑፍ አረጋግጧል አለች። የምስክሩን ስም ግን አልነገረችኝም።

አክስቴ፣ የአንዱ ካርድ ቅጂ ፖስታው ውስጥ ነበር፤ ዕድሜዬን ሙሉ የእርስዎን እጅ ጽሕፈት በልደት ካርድ ላይ ሳይ ነው ያደግኩት። አንድ ጥያቄ ብቻ ልጠይቅ። እርስዎ ነዎት?

ሮስኮ

•

ታከር ሪጅ፣ ኤፕሪል 6 ቀን 1988

ለሮስኮ፣

ጌታ ለሁለታችንም ልብ ይስጠን።

እኔ ነኝ። ቆጣሪህ እንዳይነቀል፣ በክረምት በየወሩ ወርጄ ቧንቧውን እየከፈትኩ ካርዶቹን በስምህ የፈረምኩትም እኔ ነኝ። ፖስታውንም ዘጠኝ ቀን መሳቢያ ውስጥ ያስቀመጥኩት እኔ ነኝ። አልዋሽህም።

ትናንት ምርጫው ተደረገ። ቆጠራው ሲነበብ ቤተ ክርስቲያኑ ምድር ቤት ነበርን። መቶ አሥራ አምስት ሰው ድምፅ ሰጥቷል። ‹‹ይፍረስ›› ያለው ስልሳ ዘጠኝ፣ ‹‹አይፍረስ›› ያለው አርባ ስድስት። ቨርጂል በእርሳስ ናፕኪን ላይ አካፈለው፤ ደግሞ አካፈለው። ከአምስት ሦስት እጅ፣ ልክ በልኩ፣ ምንም ሳይጎድል። ‹‹አንድ፣›› አለ፤ ‹‹አንድ ሰው ‹አይፍረስ› ቢል አይደርሱም ነበር።›› ከዚያ ኮፍያውን አድርጎ ማንንም ሳይሰናበት ወጣ። የሚስቱ ወንድም ቤቱ ተቀምጦ እንደዋለ ቆይቶ ሰማሁ፤ ‹‹አልስማማም ለማለት ነው የቀረሁት›› አለ አሉ። ቤቱ የተቀመጠ አይቆጠርም ብዬ ስንት ጊዜ ተናግሬ!

ከታከር ሪጅ ወዲያ ያለው መስመር ጁን 30 ይዘጋል። የጸሐፊነቱን ቁልፍ አስረክቤአለሁ፤ በሰው ስም የፈረመች ሴት መዝገብ አይሰጣትም።

ይሁንና አልጸጸትም። ያንተ ድምፅ ተቆጥሮ ቢሆን ሰባ ይሆኑ ነበር። ተሸንፈናል፤ ግን የእህቴ ልጅ ፈረደብኝ ከማለት ባዕድ ፈረደብኝ ማለት ይሻለኛል።

አክስትህ ኦፓል

•

ዴንቨር፣ ኤፕሪል 13 ቀን 1988

ለአክስቴ ለኦፓል፣

ሰላም ለእርስዎ ይሁን። ይህን ስጽፍ ተናድጄ አይደለም፤ ተናድጄ የጻፍኳቸውን ሁለቱን ቀድጃቸዋለሁ።

ባለፈው ጁን ፋብሪካው ተዘጋ። ኦክቶበር ላይ ቤቴን ለቀቅኩ። ዴል ሶፋው ላይ አስተኝቶኛል፤ ሚስቱ ግን ጨዋ ሆና እንጂ ከሰለቸኋት ቆይቷል። አርባ አራት ዓመቴ ነው፤ ከሰው ሶፋ ላይ ሆኜ ‹‹አክስቴ፣ ተሸንፌ ልመጣ ነው›› ብዬ ለመጻፍ እጄ አልታዘዝ አለኝ። ሥራ አግኝቼ፣ ወይ ቢያንስ ቤቱን አስተካክዬ፣ ከዚያ እነግርዎታለሁ ብዬ አሰብኩ። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ሆነና ቀረ።

ቁልፉን የፈለግኩት ልገባበት ነው። ምድጃውን የጠየቅኩት ልሞቀው ነው። የፈረሙትን ስም የፈለግኩት የማውቃቸው ካሉ እየደወልኩ ሐሳባቸውን እንዲቀይሩ ልለምን ነበር። ግሌንን ‹‹በጸደይ ፊት ለፊት›› ያልኩት መሬቱ አይሸጥም ብዬ ፊቱ ላይ ልነግረው ነበር።

እናቴ መቃብሯ ውስጥ ትቆጣኝ። ለመጀመሪያም ለመጨረሻም ጊዜ ለሰው እናገራለሁ። ሚስ ቲልደን ጋ ሳይከፈት በተቀመጠው ፖስታ ውስጥ ያለው ድምፅ ‹‹አይፍረስ›› የሚል ነው።

ካርዶቹን በተመለከተ፣ በየወሩ በክረምቱ ሸንተረሩን ወርደው ያን ቧንቧ ይከፍቱልኝ እንደነበር አላውቅም ነበር።

ሮስኮ

•

ታከር ሪጅ፣ ኤፕሪል 19 ቀን 1988

ለልጄ ለሮስኮ፣

ስንት ሰላምታ ብጽፍ፣ ስንት ምርቃት ብደረድር የበደልኩህን አይሸፍነውም። ስለዚህ በአጭሩ እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፤ አንተም ከቻልክ።

ደብዳቤህን ፖስታ ሳጥኑ አጠገብ ቆሜ አነበብኩት። ከዚያ ቀጥታ ማርሎው ሄድኩ። ሚስ ቲልደንን፣ ‹‹ያን ፖስታ ክፈቺው፤ ልጁ ሊኖርበት ነው፣ ሊመለስ ነው›› አልኳት። እንደ ታመመ ሰው እያየችኝ፣ ‹‹ወይዘሮ ኦፓል፣ የትኛዋን ልመን? የፌብሩዋሪዋን ወይስ የኤፕሪሏን?›› አለችኝ። ዳኛው ጋ ቀርበህ የመከራከር መብት አለህ፤ ግን ልትመለስ እንደነበር የሚመሰክርልህ የትኛው ሰው ነው? እኔ ነኝ። እኔ ደግሞ በገዛ እጄ ምስክርነቴን ገድዬዋለሁ።

የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ይባላል። እኔ አልጣልኩትም፤ ከብብቴ አውጥቼ ወረወርኩት። ገንፎው ውስጥ ያለው ስንጥር እኔው ነበርኩ። ‹‹ሮስኮ፣ ምን አስበሃል?›› ብዬ አንድ ጊዜ ብጠይቅህ ኖሮ! አልጠየቅኩህም። አይጠየቅም ብዬ። አባቴና እናቴ ሳይጠያየቁ መቀበራቸውን እንደ ጌጥ አወራሁልህ፤ አሁን ሳስበው እንዴት ያለ ብቸኝነት ነበር።

ለቨርጂል ነገርኩት። ይሰድበኛል ብዬ ነበር። ‹‹ያ ልጅ እጁ የሚሠራ ከሆነ የአያቱን የዝናብ ውሃ ጉድጓድ አብረን እንጠርገዋለን፤ ክዳኑን እኔ አመጣለሁ›› ብቻ ነው ያለው። ጭስ ማውጫው ውስጥ ወፍ ጎጆ ሠርታ ነበር፤ አስወጥቻታለሁ። አልጋው ላይ ንጹሕ አንሶላ አለ።

በፖስታው ውስጥ ሦስት ነገር ታገኛለህ። አንዱ በፌብሩዋሪ ጽፌ ያልላክሁት ወረቀት ነው፤ አንብበው፣ ምንም አልደብቅህም። ሁለተኛው ቁልፉ ነው፤ ጠፍቶ አያውቅም። ሦስተኛው የጁን የውሃ ካርድ ነው። ለዚያ ቤት የመጨረሻው ካርድ እሱ ነው። ቁጥሩንም ፊርማውንም ባዶ ትቼዋለሁ፤ ጁን 30 ሳይደርስ መጥተህ ቆጣሪህን በዓይንህ አንብበህ፣ በገዛ እጅህ ጻፈው።

ብርዱ ካለፈ ቆይቷል። ቧንቧውን ግን እስካሁን አልዘጋሁትም።

አክስትህ ኦፓል